ሉዊስ ብሬልና በጣት የሚነበብ ኖታ

የብሬል ጽሕፈት ሲባል ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ፣ ነጥብ ነጥብ ያለው የዓይነ ስውራን ፊደል መሆኑንም ብዙዎች ያውቃሉ። ዳሩ ግን ብሬል የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያውቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ያ ሰው በሙያው ኦርጋን መቺ እንደ ነበረ፣ ፊደሉንም ሲያወጣ ከንግግር ቃል ጋር የሙዚቃን ኖታ አብሮ እንዳሰበ የሚያውቀው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ነው። እኛም የዚህን ሰው ታሪክ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የመረጥነው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ ፊደሉ ብዙ ተጽፎአል፤ እኛ ግን ስለ ሙዚቃው ለመናገር እንወዳለን። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ታሪኩ የሚጀምረው ሉዊስ ከመወለዱ በፊት ነው። በ1771 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ ሴንት ኦቪድ በተባለው የገበያ በዓል ላይ አንድ የቡና ቤት ባለቤት ገበያተኛውን ለመሳብ ሲል ዓይነ ስውራንን ሰብስቦ መድረክ ላይ አወጣቸው። ረጃጅም ቀሚስና ሹል ቆብ አለበሳቸው፤ መስተዋት የሌለው፣ ከካርቶን የተሠራ ትልልቅ መነጽር አደረገላቸው፤ በየፊታቸውም የኖታ ወረቀት ዘርግቶ መብራት አበራላቸው። እነሱም ያልተማሩትን የሙዚቃ መሣሪያ ዝም ብለው ይገዘግዙ ነበር። ሕዝቡ የሚስቀው በመሣሪያው ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ዋናው መሳቂያ ያ ኖታና ያ መብራት ነበር።

ከተመልካቾቹ መካከል ቫለንቲን አዊ የሚባል ወጣት ቆሞ ነበር። ሌላው ሲስቅ እሱ እጅግ አዘነ። ይህንን የማላገጫ ትርኢት ወደ እውነት ለመለወጥ፣ ዓይነ ስውራንም ራሳቸው መጽሐፍና ኖታ እንዲያነቡ ለማድረግ በልቡ ወሰነ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶም በ1780ዎቹ አጋማሽ በፓሪስ ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ሉዊስ ብሬል ኋላ የተማረውና ያስተማረው በዚህ ትምህርት ቤት ነው።

ሉዊስ የተወለደው ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ዓ.ም. ከፓሪስ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኩቭሬ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ሲሞን ረኔ ኮርቻና ልጓም የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ ሉዊስም ለቤቱ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። ዕድሜው 3 ዓመት ሲሆን አባቱ በሌለበት ወደ ሥራው ክፍል ገብቶ ቆዳ ለመብሳት ሲሞክር የያዘው ሹል መሣሪያ ሸርተት ብሎ አንድ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ በሽታው ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ተላለፈ፤ 5 ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጽመው ጠፉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ቁስል የሚያድን መድኀኒት አልነበረም።

የመንደሩ ዓይነ ስውር ልጅ ዕጣው ብዙ ጊዜ ልመና ነበር። የሉዊስ ወላጆች ግን ልጃቸውን ወደ መንገድ ዳር አልሰጡትም። አባቱ በትር ሠርቶለት መንደሩን እየደበደበ እንዲለምድ አደረገው፤ በእንጨት ላይ ምስማር እየመታ የፊደል ቅርጽ በመሥራት በጣቱ እንዳስተማረውም ይነገራል። የመንደሩ ቄስ አባ ፓልዊ ትምህርት ጀመሩለት፤ ከዚያም ከዓይናሞቹ ልጆች ጋር በመንደሩ ትምህርት ቤት ተቀመጠ። መጻፍና ማንበብ አይችልም፤ የሰማውን ግን አይረሳም ነበር። ወላጆች ይህን የሚያነቡ ከሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንዲቆሙ እንለምናለን። ኮርቻ ሠሪው ሲሞን ረኔ ሀብታም አልነበረም፤ ልጁ ግን በ10 ዓመቱ፣ በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1819 ዓ.ም.፣ በነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ፓሪሱ ትምህርት ቤት ገባ።

ትምህርት ቤቱ በሴን ቪክቶር መንገድ ላይ የሚገኝ፣ ያረጀና እርጥበት የሞላበት ሕንፃ ነበር። ልጆቹ እዚያ ውስጥ ሹራብ መሥራት፣ ነጠላ ጫማ መስፋትና ሌላም የእጅ ሥራ ይማራሉ። ከሁሉ በላይ የሚወዱት ግን ሙዚቃ ነበር፤ ምክንያቱም ዓይነ ስውር ከዓይናማ ጋር ተስተካክሎ ሊቆምበት የሚችለው ሙያ እሱ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት ጥሩ አድርጎ ኦርጋን የሚመታ ልጅ ከወጣ በፓሪስ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ተቀጥሮ እንጀራውን ይበላል። ኦርጋን ያልቻለ ግን ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ምናልባትም ወደ ቡና ቤት በር። ስለዚህ ለእነዚያ ልጆች የሙዚቃ ትምህርት ማለት እንደ እኛ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚገኝ ደስታ አልነበረም። ሉዊስም ፒያኖን፣ ቼሎንና ኦርጋንን እየተማረ ከሁሉም ጎበዝ ሆነ።

ሙዚቃውን የሚማሩት እንዴት ነበር? መምህሩ አንድ ሐረግ ይመታል፤ ተማሪው ሰምቶ ይደግማል፤ ቀጥሎ ያለው ሐረግ ይመታል፤ ተማሪው ሁለቱን አገናኝቶ ይደግማል። በእኛም አገር ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች በቃል ትምህርት ብቻ ዜማና ቅኔ ዘልቀው ለመምህርነት እንደ በቁ ስለምናውቅ ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ታላቅ ሰው ሊያፈራ እንደሚችልም እንመሰክራለን። ችግሩ ግን ተማሪው ሁልጊዜ የሌላ ሰው ጥገኛ መሆኑ ነው። መምህሩ ከታመመ ትምህርቱ ይቆማል። አንድ ሐረግ የረሳ እንደሆነ የሚያስታውሰው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። በልቡ ያፈለቀውንም አዲስ ዜማ ዓይናማ ሰው ካልጻፈለት በቀር ለሌላው ሊያስተላልፈው አይችልም።

በእርግጥ አዊ መጻሕፍት አሳትሞ ነበር። እርጥብ ወፍራም ወረቀት በትልልቅ የፊደል ቅርጽ ላይ ተጭኖ ፊደሉ ከወረቀቱ በላይ ጎልቶ እንዲወጣ አድርጓል፤ ኖታም በዚሁ ዓይነት ታትሟል። ዳሩ ግን መጻሕፍቱ እጅግ ከባድና ውድ፣ ቁጥራቸውም ጥቂት ነበር፤ ልጁ አንድ አረፍተ ነገር ሲጨርስ መጀመሪያውን ይረሳው ነበር። እኛ እንደሚመስለን የስሕተቱ ሥር አንድ ነው። እነዚያ መጻሕፍት ለዓይን የተፈጠረውን ቅርጽ ለጣት አቀረቡ። ጣት ክብና ጠማማ መስመርን ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል፤ ነጥብን ግን በቶሎ ይለያል። ከዚህም በላይ በዚያ ፊደል ማንበብ እንጂ በእጅ መጻፍ አይቻልም ነበር።

በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርቢዬ የሚባል የጦር መኰንን የነበረ ሰው አዲስ ዘዴ ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ዘዴው ጉብ ጉብ ባሉ ነጥቦች የሚጻፍ ነበር፤ አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ይደርሳል፤ ነጥቦቹም በሁለት ዓምድ ስድስት ስድስት ሆነው ይደረደራሉ። ልጆቹ ሲዳስሱት በደስታ ተሞሉ፤ የሠሌዳውና የመውጊያው ነገር ደግሞ የበለጠ አስደሰታቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው እጅ ሊጽፉ ነውና። ነገር ግን ጉድለቱም ብዙ ነበር። 12 ነጥብ በአንድ ጣት ጫፍ ሥር አይገባም፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ አለበት። ምልክቶቹ ድምፅን እንጂ ፊደልን ስለማያሳዩ ትክክለኛ አጻጻፍ አይማሩበትም። ለሙዚቃ ደግሞ ቦታ አልነበረውም።

የ12 ዓመቱ ልጅ ሉዊስ ይህን ጉድለት ለማቃናት ተነሣ። ቀን ትምህርቱን ይማራል፤ ሌሊት ሌሎቹ ሲተኙ፣ በዕረፍትም ጊዜ በኩቭሬ፣ ወረቀት እየወጋ ይሞክራል። ሦስት ዓመት ያህል ደከመበት፤ በ1824 ዓ.ም. ገና በ15 ዓመቱ ሥራው ወደ ፍጻሜ ደረሰ። መፍትሔው 12ቱን ነጥብ ወደ 6 ማውረድ ነበር። በሁለት ዓምድ ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩ 6 ነጥቦች በአንዲት የጣት ጫፍ ሥር በአንድ ጊዜ ይገባሉ፤ ከነሱም 63 ልዩ ልዩ ምልክት ይወጣል። ለፊደል፣ ለቁጥርና ለሥርዓተ ነጥብ ይበቃል። ሰዎች ዓይኑን ያጠፋው የቆዳ መብሻና የሚጽፍበት መውጊያ መመሳሰላቸውን እያነሡ ብዙ ይናገራሉ፤ እኛ ግን ከመመሳሰሉ ይልቅ የሦስቱ ዓመት ሌሊት ይበልጥ ያስደንቀናል።

አሁን ወደ ኖታው እንምጣ። ሉዊስ በ1829 ዓ.ም. ዘዴውን በመጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ቃላትን፣ ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያንን ዜማ በነጥብ ለመጻፍና ለዓይነ ስውራን ለማዘጋጀት የሚያገለግል መሆኑን ይናገራል። የሚገርመው ይህ መጽሐፍ የታተመው በዚያው በአሮጌው የአዊ ጎላ ያለ ፊደል ነው፤ አዲሱን የሚያነብ ሰው ገና አልነበረምና። ደራሲው የ20 ዓመት ወጣት ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ከነጥብ ጋር አጫጭር ሰረዞችም ነበሩበት፤ ሰረዝ ግን በሠሌዳ ለመጻፍ ስለማይመች በ1837 ዓ.ም. በወጣው ሁለተኛ እትም ተተወ። የኖታው ዘዴም በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እየጠራ ሄደ።

ኋላ የጸናው የኖታ ዘዴ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከስድስቱ ነጥቦች ላይኞቹ አራቱ ድምፁን ይናገራሉ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ የሚባሉት ሰባቱ ድምፆች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የነጥብ ቅርጽ አላቸው። ታችኞቹ ሁለት ነጥቦች ደግሞ የድምፁን ርዝመት ይናገራሉ። ሁለቱም ከሌሉ ድምፁ ስምንተኛ ነው፤ የቀኙ ብቻ ካለ ሩብ፣ የግራው ብቻ ካለ ግማሽ፣ ሁለቱም ካሉ ሙሉ ነው። እንግዲህ አንድ ጣት አንድ ጊዜ ዳስሳ ድምፁ ምን እንደሆነና ስንት እንደሚቆይ ታውቃለች። ከሙሉ እስከ ስምንተኛ ያሉት አራቱ ምልክቶች ለአጫጭሮቹ ድምፆችም ያገለግላሉ፤ አንባቢው በምት ቈጠራው የትኛው እንደሆነ ይለያል። ድምፁ ከፍ ያለው ዶ ይሁን ዝቅ ያለው ዶ ለመለየት ከፊቱ ሌላ ምልክት ይቀመጣል።

ዓይናማው ሙዚቀኛ የሚያነበው አምስት መስመር እዚህ የለም። መሰላሉ ሁሉ ወደ አንድ ረድፍ ወርዷል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማሩ ጓደኞቻችን ይህን በቶሎ የሚያስተውሉት ይመስለናል፤ የእኛም የዜማ ምልክቶች፣ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ይዘቱና ሌሎቹ፣ ያለ አምስት መስመር ከቃሉ በላይ ተቀምጠው ብዙ ዘመን ኖረዋል።

ይሁን እንጂ ኖታው ቢገኝም ድካሙ አላለቀም። ዓይናማ ሰው ኖታውን እያየ በሁለት እጁ ይመታል። ዓይነ ስውሩ ግን የሚያነብበት ጣት የሚመታበት ጣት ነው። ፒያኖ የሚማር ከሆነ በግራ እጁ እያነበበ የቀኙን ክፍል ይመታል፤ ቀጥሎ በቀኝ እጁ እያነበበ የግራውን ክፍል ይመታል፤ ሁለቱን በልቡ ከያዘ በኋላ ያገናኛቸዋል። ለኦርጋን ደግሞ በእግር የሚረገጠው ሦስተኛው ክፍል አለ። ቼሎ የሚጫወት ሰው ሁለት እጁም ስለሚያዝ አስቀድሞ ማንበብና በቃል መያዝ አለበት። እንግዲህ የብሬል ኖታ በቃል መያዝን አላስቀረም፤ ያስቀረው ጥገኝነቱን ነው። ተማሪው ሐረጉን ቢረሳ እጁን ወደ ወረቀቱ ይሰዳል እንጂ ሰው አይጠራም።

ከሙዚቃ ክበባችን ጥቂቶቻችን ዓይናችንን ጨፍነን በብሬል የተጻፈ ገጽ ለመዳሰስ ሞክረን ነበር። አራት ነጥብ ያለውን ምልክት ከአምስቱ መለየት እንኳ አልሆነልንም፤ ወረቀቱ እንደ ሸካራ ድንጋይ ሆኖ ነው የተሰማን። ስለዚህ ያ የ15 ዓመት ልጅ ጣቶቹን ምን ያህል እንዳሠለጠነ መገመት አያዳግተንም።

በዚያው ትምህርት ቤት ከሉዊስ በ9 ዓመት የሚበልጥ ክሎድ ሞንታል የሚባል ዓይነ ስውር ተማሪ ነበር፤ የእሱን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። የትምህርት ቤቱን ፒያኖዎች የሚቃኝ ዓይናማ ሰው ከውጭ ይመጣ ነበር። ሞንታልና አንድ ጓደኛው ቅኝቱን ራሳቸው ለመማር ፈልገው ፒያኖውን መነካካት ሲጀምሩ ቃኚው አቤቱታ አቀረበ፤ አለቃውም ከለከላቸው። እነሱ ግን አንድ አሮጌ ፒያኖ አገኙና ፈታቱት፤ እያንዳንዱን ክፍል በእጃቸው እየዳሰሱ አጠኑ፤ መልሰውም ገጠሙት፤ ቃኙትም። አለቃው ሥራውን ባየ ጊዜ የትምህርት ቤቱን ፒያኖዎች ለሞንታል አደራ ሰጠው። ክራርና በገና ስንቃኝ የጆሮን ጥቅም ለምናውቅ ለእኛ ዓይነ ስውር ፒያኖ መቃኘቱ አይደንቀንም። በጊዜው የነበሩ የፓሪስ ሰዎች ግን ብዙዎቹ ፒያኖአቸውን ለዓይነ ስውር ለመስጠት ፈርተው ነበር።

ሞንታል በ1830 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱን ለቅቆ በፓሪስ በቃኚነት ሥራ ጀመረ፤ በችሎታውም እየታወቀ ሄደ። በ1836 ዓ.ም. ማንም ሰው ፒያኖውን ራሱ እንዴት መቃኘት እንደሚችል የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ልብ በሉ፤ እንጀራ የሚያበላውን ምሥጢር ደብቆ መያዝ ሲችል ለሁሉ አወጣው። ኋላም ፒያኖ ሠሪ ሆነ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1865 ዓ.ም. ድረስም በሙያው የተከበረ ነበር። ከእሱ ወዲህ ፒያኖ መቃኘት በልዩ ልዩ አገር ለዓይነ ስውራን የታወቀ ሙያ ሆኗል።

ሉዊስም ያወቀውን ለማካፈል አልዘገየም። ገና ተማሪ ሳለ ታናናሾቹን ማስተማር ጀምሮ ነበር፤ በ1833 ዓ.ም. ከቅርብ ጓደኞቹ ከገብርኤል ጎትዬና ከኢፖሊት ኮልታ ጋር ሙሉ መምህር ሆነ። ሦስቱም ዓይነ ስውራን ነበሩ። ሰዋስው፣ ሒሳብ፣ የምድር ታሪክና ሙዚቃ ያስተምር ነበር። ጎትዬ የሙዚቃ ደራሲና የሴንት ኤቲዬን ዱ ሞን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆነ። ሉዊስም በ1834 ዓ.ም. በሴን ኒኮላ ዴ ሻን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ለመምታት ተቀጠረ፤ ኋላ ደግሞ በሴን ቬንሳን ደ ፖል አገልግሏል። በገበያ በዓል የማይነበብ ኖታ ከተዘረጋላቸው ከነዚያ ሰዎች 63 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በፓሪስ ከተማ፣ ዓይነ ስውሩ ሰው ራሱ የጻፈውን ኖታ አንብቦ በታላቅ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ለመምታት በቃ ማለት ነው።

ሆኖም ደስታው ብዙ አልቆየም። በ1835 ዓ.ም. ገደማ፣ በ26 ዓመቱ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ታየበት። ለዚህ በሽታ በዚያን ጊዜ ፈውስ አልነበረም፤ እርጥበት የሞላበት የትምህርት ቤቱ ሕንፃም ሳያባብሰው አልቀረም። ከዚያ በኋላ ያሉት 16 ዓመታት በመታመምና በመዳን መካከል ያለፉ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ መሥራቱን አልተወም። ዓይነ ስውሩ ለዓይናማ ቤተሰቡ ደብዳቤ እንዲጽፍ የሚያስችል፣ የተለመደውን የላቲን ፊደል ቅርጽ በነጥብ የሚሠራ ሌላ ዘዴ በ1839 ዓ.ም. አወጣ፤ ፒየር ፉኮ የሚባል ዓይነ ስውር መካኒክም ይህን በፍጥነት የሚጽፍ መኪና ሠራለት። የሉዊስ እናት በኩቭሬ ነበረችና፣ ልጁ የጻፈላትን ሌላ ሰው ሳይጨምር ማንበብ መቻል ለእናት ምን ያህል እንደሆነ እያንዳንዳችን እናውቃለን።

ከሁሉ የከፋው ፈተና ግን የመጣው ከውስጥ ነው። ሉዊስን ይረዱት የነበሩት የትምህርት ቤቱ አለቃ ሙሴ ፒንዬ በ1840 ዓ.ም. ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ሙሴ ዱፎ ተተኩ። አዲሱ አለቃ የነጥቡን ፊደል አልወደዱትም። ዓይነ ስውሩ ከዓይናማው የተለየ ፊደል ቢማር ከሕዝቡ ይለያል የሚል አሳብ ነበራቸው። ይህን አሳብ እኛ በችኮላ አንንቀውም፤ ቅን የሆነ ሰውም ሊያስበው ይችላል። ዳሩ ግን የሚያነቡት ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱንም የጠየቀ የለም። ነጥቡ ተከለከለ፤ የጎላው ፊደል ተመለሰ፤ በነጥብ የተጻፉ መጻሕፍት እንደ ተቃጠሉም ይነገራል።

ልጆቹ ግን የቀመሱትን አልተዉም። ሠሌዳና መውጊያ ሲነጠቁ በሹራብ መርፌ፣ በምስማርና በሹካ ጥርስ ሳይቀር በድብቅ ወረቀት እየወጉ ይጻጻፉ ጀመር፤ የተያዘውም ይቀጣ እንደ ነበር ይነገራል። ታላቁ ለታናሹ በጨለማ መኝታ ቤት ያስተምረው ነበር፤ ጨለማው ለእነሱ ምንም አይጐዳቸውምና። መምህሩ ሉዊስ በዚያ ዘመን ይበልጥ ታሞ አንዳንዴ ወደ መንደሩ እየሄደ ያርፍ ነበር፤ ክርክርም የሚያበዛ ሰው አልነበረም። ፊደሉን ያዳኑት ተማሪዎቹ ናቸው ብንል ስሕተት አይሆንብንም።

የዱፎ ረዳት የነበሩት ሙሴ ጋዴ የልጆቹን ነገር በጥሞና ተመልክተው ኖሮ አለቃቸውን ቀስ በቀስ አግባቡአቸው። ትምህርት ቤቱ በ1843 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛውሮ ነበርና በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1844 ዓ.ም. የምረቃ በዓል ተደረገ። በዚያም በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ጋዴ ስለ ብሬል ዘዴ ተናገሩ። አንድ ልጅ የተነበበለትን ቃል በነጥብ ጻፈ፤ ሲነበብ ያልሰማ ሌላ ልጅ ተጠርቶ ወረቀቱን ዳስሶ ቃል በቃል አነበበው። ሕዝቡ አጨበጨበ። የዱፎም ተቃውሞ በዚያ አበቃ፤ አለቃው አሳባቸውን በአደባባይ መለወጣቸው ለእርሳቸውም የሚያስመሰግን ነው።

ስለ ሉዊስ ጠባይ ጓደኛው ኮልታ ብዙ ትቶልናል። ዝምተኛ፣ ሥርዓተኛ፣ ገንዘብ ለራሱ የማይሳሳ ሰው ነበር። አንድ የተቸገረ ወጣት ሙዚቀኛ ሥራ እንዲያገኝ የራሱን የኦርጋን መቺነት ቦታ እንደ ለቀቀለት ይነገራል። ሲሞትም ሳትከፈት እንድትቃጠል ያዘዘባት አንዲት ሣጥን ነበረችው፤ ሰዎቹ ጓጉተው ቢከፍቷት ተማሪዎቹ ከእርሱ የተበደሩትን ገንዘብ የሚያስታውሱ ወረቀቶች ተገኙባት። ያን ጊዜ ወረቀቶቹ እንደ ኑዛዜው ተቃጠሉ።

ሉዊስ ብሬል በጃንዋሪ 6 ቀን 1852 ዓ.ም.፣ 43 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን፣ በዚያው በትምህርት ቤቱ ዐረፈ። የፓሪስ ጋዜጦች ሞቱን አልዘገቡትም። አስከሬኑ ወደ ኩቭሬ ተወስዶ ከዘመዶቹ ጋር ተቀበረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1854 ዓ.ም.፣ ፊደሉ በፈረንሳይ በይፋ ተቀባይነት አገኘ። በ1888 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ተሰብስበው የብሬል ኖታ በየአገሩ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተስማሙ። ፊደሉማ ከየቋንቋው ጋር መስማማት ነበረበት። አማርኛን እንመልከት፤ ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ በ63 ምልክት አይወከልም። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል መጀመሪያ የፊደሉ ቤት ምልክት ይጻፋል፤ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ካዕብ፣ ሣልስ ወይም ሌላ መሆኑን የሚያሳይ ሁለተኛ ምልክት ይከተለዋል። የአማርኛ ብሬል አንባቢ ብዙውን ጊዜ በአንዲት ፊደል ላይ ጣቱን ሁለት ጊዜ ያሳርፋል ማለት ነው። ወደ ኖታ ሲደርስ ግን ከፓሪሱ ወይም ከሌላው አገር ተማሪ ጋር አንድ ገጽ ያነባል።

ሉዊስ ብሬል በሞተ በ100 ዓመቱ፣ በጁን ወር 1952 ዓ.ም.፣ የፈረንሳይ መንግሥት አፅሙን ከኩቭሬ አስወጥቶ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በፓሪስ ፓንቴዎን በክብር አስቀመጠው። ከየአገሩ የመጡ ዓይነ ስውራን በትር በትራቸውን ይዘው በሠልፍ ሸኙት፤ ዓይኗንና ጆሮዋን በሕፃንነቷ ያጣችው አሜሪካዊት ሄለን ኬለርም ከመካከላቸው ነበረች። የመንደሩ ሰዎች ግን ልጃቸውን ሙሉ በሙሉ መስጠት አልፈለጉም። ስለዚህ ኦርጋን የመቱት፣ ነጥቦቹንም የወጉትና የዳሰሱት የእጆቹ አጥንቶች በትንሽ ሣጥን ተደርገው በኩቭሬ መቃብር ላይ ቀርተዋል።